ያልዘቀጠው ጠርሙስ

ሰው ለምን ብሎ የሚመራመረው ነገር ሲበላሽበት ነው። ሲሳካለትማ ምን ይመራመራል? በጉብዝናዬ ነው ብሎ ያርፋል። ሰው እያማሁ እንዳይመስላችሁ፤ የማወራው ስለ ራሴ ነው።

ጅጅጋ ኬሚስትሪ እያስተማርኩ የማስተርስ ጥናቴን የምሠራው ግራፊን በሚባል ነገር ላይ ነበር። እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ለዓይን እስኪጠፋ ሲሳሳ ግራፊን ይሆናል፤ ከፕላስቲክ ጋር ሲዋሃድ ደግሞ ፕላስቲኩን ያጠነክረዋል። ሐሳቤ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን ቢርካ ሁሉ የማይቀደድ ላስቲክ ማልበስ ነበር። ትልቅነቴን አያችሁልኝ? ችግሩ የግራፊኑ ዱቄት ነው። በሟሟው ፕላስቲክ ውስጥ ተበትኖ አይቆይም፤ ተጓጉሎ ታች ይቀመጣል። ጊዜዬን ሁለቴ ያራዘሙልኝ አማካሪዬ ከአዲስ አበባ ደውለው ቁርጡን ነገሩኝ፦ ድብልቁ ማንም ሳይነካው አንድ ወር ሳይዘቅጥ ከቆየ እመረቃለሁ፤ ከዘቀጠ ስሜ ይሰረዛል።

ለሰባተኛ ጊዜ የቀመምኩትን ጠርሙስ ላቦራቶሪው መስኮት ሥር አስቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት ገብቼ አየዋለሁ፤ ጥቁር፣ ወጥ፣ እንከን የማይወጣለት። ሦስት ሳምንት ሲሞላው ለአማካሪዬ ደውዬ ተሳካ አልኳቸው። እሳቸው ፈታኞች ጠሩ፤ እኔ ሱፍ አሰፋሁ።

በዚያው ሰሞን የጽዳት ሠራተኛችን ሆዳን ወንድሟ ሞቶባት ጉናጋዶ ለቅሶ ሄደች። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ስገባ ጠርሙሱ ከላይ የጠራ ፈሳሽ፣ ከታች ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሙቀቱ ይሆን? ወይስ እርግማን?

ሆዳን በሳምንቷ ስትመለስ ፊቴን አይታ፣ የራሷን ሐዘን ትታ የእኔን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አንገቷን ደፋችና ወላሂ እኔ ነበርኩ አለች። ገጠር ወተት እየናጠች ነው ያደገችው። ጠርሙሱ በተቀመጠ በነጋታው መርጋት ሲጀምር አይታ ማለፍ አልሆነላትም፤ በየማለዳው ከእኔ ቀድማ እየገባች ደህና አድርጋ ስትንጠው ከርማለች። ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ ወላል፣ ወንድሜ፣ ስታየው ፊትህ ይበራል፣ እሱን እኔ ላጥፋው ወይ አለችኝ።

ልቆጣት ፈልጌ አቃተኝ። ከለቅሶ የመጣችን ሴት ምን ብዬ ልቆጣ? ለአማካሪዬ ደውዬ እውነቱን ተናገርኩ። እሳቸውም፣ ዱቄቱን አበታትኖ ያቆየው ምን እንደነበር በጽሑፍ አሳውቅ፣ ደንብ ነው አሉኝ። የሆዳን እጅ ብዬ ጻፍኩ። ስሜ ተሰረዘ።

ጠርሙሱን ድፊው ብላት እምቢ አለች። ዛሬም ከእኔ ቀድማ ገብታ ትንጠዋለች። እኔም፣ ምን እዋሻችኋለሁ፣ ሳይዘቅጥ ልድረስበት ብዬ ማርፈድ ትቻለሁ።