በማርታ ወረቀት ላይ ማን ከላይ ይፈርማል

በአረብ አገር፣ ከ6ኛ ኦክቶበር ከተማ ወጣ ብሎ በገጠሩ የሚገኘው የማኅበረሰብ ኮሌጃችን የበዓላትና የተማሪዎች አገልግሎት ኮሚቴ ዓርብ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጁምዓ ሶላት መልስ ተሰብስቧል። ቦታው ሁለተኛው የትምህርት ክፍል ነው። ክፍሉ ቀድሞ የዶሮ ቤት ነበረ። አሁን ኮሌጅ ነው፣ ሽታው ግን ገና አልተነገረውም።

የተገኙ፦
አቶ ልዑልሰገድ፣ ሰብሳቢ፣ ከአየር መንገድ ቢሮ በጡረታ የወጡ።
ሸይኽ ቶፊቅ፣ የወሎ ሰው፣ የአረብኛ መምህር፣ ከናስር ሲቲ ድረስ የመጡ።
ወ/ሮ የውብዳር፣ የበዓላት ኃላፊ፣ ነጋዴ።
አቶ ሄኖክ፣ የተማሪዎች አገልግሎት አስተባባሪ፣ ቀድሞ በእርዳታ ድርጅት የሠሩ።
ቸኮል አያሌው፣ ፀሐፊ። ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ያልተገኙ፦ አቶ ክብረት፣ መኪናቸው መንገድ ላይ ቆማባቸው። ወ/ሮ መናል፣ ምክንያት ሳይናገሩ።

አባል ያልሆነች ግን የነበረች፦ ማርታ፣ ተማሪ። ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሰባት አባላት ስንሆን አምስት ካልተገኘ ስብሰባ አይደረግም። አቶ ሄኖክ፣ ፀሐፊው ከተቆጠረ አምስት፣ ካልተቆጠረ አራት መሆናችንን አስታውሰው «ያዕኒ፣ ማለቴ፣ እንቁጠረው ወይስ ወደ ቤታችን እንሂድ?» ብለው ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ ፀሐፊው ለቁጥር እንዲቆጠር፣ ሐሳብ ግን እንዳይጠየቅ ተወሰነ። ፀሐፊው ፊደል የቆጠረው ሚስቱ ካረፈች ወዲህ በዚሁ ኮሌጅ ስለሆነ፣ ተናጋሪዎች ቀስ ብለው እንዲናገሩ በቅድሚያ ተነግሯቸዋል። አልሰሙም።

አንደኛ አጀንዳ፣ የተማሪዎች አገልግሎት መስኮት

አቶ ሄኖክ ተማሪዎች ጉዳይ ሊያስፈጽሙ ሲመጡ በር ላይ ቆመው እንደሚጉላሉ፣ ይህም አሳፋሪ እንደሆነ ዘርዝረው ተናገሩ። በእንግሊዝኛ የተናገሩት አልተመዘገበም፣ አማርኛ እያለ ነውና። ግድግዳው ተነድሎ ተማሪ የሚስተናገድበት መስኮት ይከፈት አሉ። ሸይኽ ቶፊቅ በዚያ በኩል የግቢው ባለቤት ጋሙሳ፣ ማለት የምትታለበው ጎሽ፣ እንደምትታሰር አመልክተው፣ መስኮት ከተከፈተ መጀመሪያ የምትስተናገደው እሷ ናት አሉ። ወ/ሮ የውብዳር መጋረጃ ይደረግ አሉ። ጋሙሳ መጋረጃ እንደምትበላና እንደማትበላ ክርክር ተደረገ።

በዚህ መሐል ማርታ እጇን አወጣች። ሰብሳቢው «ቆይ ልጄ፣ ስለ አንቺ እኮ ነው የምናወራው፣ ተማሪ እንዳይጉላላ ነው» ብለው አስቀመጧት።

ከረጅም ውይይት በኋላ መስኮቱ እንዲከፈት፣ እስኪከፈት ድረስ ተማሪዎች በር ላይ እንዲጠብቁ ተወሰነ።

ሁለተኛ አጀንዳ፣ የምረቃ በዓል

የዘንድሮ ተመራቂ አንድ ናት፣ እሷም ማርታ ናት። በሸይኽ ዛይድ ከተማ አጥር ግቢ ውስጥ ሰው ቤት እየሠራች፣ ዓርብ ዓርብ እየመጣች የሕፃናት አያያዝ ትምህርት ጨርሳለች። ሌሎቹ አብረዋት የጀመሩት አንዳቸውም አልጨረሱም።

ወ/ሮ የውብዳር የበዓሉን መርሐ ግብር አነበቡ። የመክፈቻ ንግግር በሰብሳቢው፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር በወ/ሮ የውብዳር፣ ምክር በሸይኽ ቶፊቅ፣ ሪፖርት በአቶ ሄኖክ፣ የመዝጊያ ንግግር እንደገና በሰብሳቢው። ከዚያ ተመራቂዎች በሁለት ረድፍ ይገባሉ ሲሉ ማርታ ከወንበሯ ሆና «እትዬ፣ አንድ ነኝ እኮ» አለች። ወ/ሮ የውብዳር በአንድ ረድፍ የሚገቡት ለቅሶ ቤት ነው አሉ። ሸይኽ ቶፊቅ ለቅሶ ቤት በረድፍ ሲገባ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ከረጅም ውይይት በኋላ ማርታ ሁለት ጊዜ እንድትገባ ተወሰነ።

ቀኑ በጥር እንዲሆን፣ የምስክር ወረቀቱም በዚያው ቀን እንዲሰጥ አቶ ሄኖክ ሐሳብ አቀረቡ። ማርታ ይህን ጊዜ ሳይፈቀድላት ተነሳች።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ አቋረጥኳችሁ። ናስር ሲቲ ያለው ሀዳና ነገ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ካልመጣሁ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ነግሬያችኋለሁ። ዛሬ ጓደኞቼ ጋ አድሬ በጠዋት ልግባ ብዬ ነው ከማዳሜ ፈቃድ ለምኜ የወጣሁት። በጥር ማን ይጠብቀኛል?»

ሀዳና ማለት ሕፃናት የሚውሉበት ቤት ነው። ሸይኽ ቶፊቅ «ይቺ ልጅ እንጀራዋ ነው፣ ወረቀቷን ዛሬ ስጧት፣ በዓሉን በጥር ብሉት» አሉ። ሁሉም ተስማሙ። ስምምነቱ ፈጣን ስለነበር ፀሐፊው ተጠራጥሮ ሁለት ጊዜ ጠይቋል።

ሦስተኛ አጀንዳ፣ የማርታ ወረቀት

ወረቀቱ ከሰብሳቢው ቦርሳ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ጥሩ ወረቀት ነው። ስሟ በትልቁ፣ ፎቶዋ በጎን፣ ማኅተሙም ተመትቷል። ከታች አራት የፊርማ መስመር አንዱ ከአንዱ በታች ተሰምሯል። የቀረው መፈረም ብቻ ነው። ነገር ግን ከመስመሮቹ ሥር የማንም ስም አልተጻፈም። ወ/ሮ የውብዳር ማተሚያ ቤት ሲያሠሩት የማንን ስም ከማን በላይ እንደሚያስቀምጡ ጨንቋቸው፣ ማንም እንዳይቀየም ባዶውን እንደተዉት አስረዱ። ስለ አስተዋይነታቸው ተመሰገኑ።

ሰብሳቢው ብዕራቸውን ለሸይኽ ቶፊቅ ዘረጉ። «ይቅደሙ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት።»

ሸይኽ ቶፊቅ «ሰብሳቢ ተቀምጦ እኔ ከላይ? ወላሂ አላደርገውም!» ብለው ለወ/ሮ የውብዳር አሳለፉ።

ወ/ሮ የውብዳር «አፈር ስሆን፣ የተማረ ሰው እያለ እኔ ምን ቤት ነኝ» ብለው ለአቶ ሄኖክ ሰጡ።

አቶ ሄኖክ «እኔ የሁላችሁም ታናሽ ነኝ፣ ፕሮቶኮሉም አይፈቅድም» ብለው ለሰብሳቢው መለሱ።

ብዕሩ በዚህ ሁኔታ ጠረጴዛውን ደጋግሞ ዞረ። ፀሐፊው ከጠረጴዛው ጫፍ ስለተቀመጠ በእሱ በኩል አላለፈም።

በመጨረሻ ሸይኽ ቶፊቅ «እንግዲህ እንዲህ ከለመናችሁኝ» ብለው የብዕሩን ጫፍ ወደ ላይኛው መስመር አስጠጉ። ወ/ሮ የውብዳር «ይፈርሙ፣ ይፈርሙ፣ እኛማ ምን አለን» አሉ። ቃሉ መልካም ነበረ፣ ድምፁ ግን ሌላ ነበረ። ሸይኽ ቶፊቅ ብዕሩን አስቀመጡ። «ኸላስ፣ በቃ» አሉ። ወ/ሮ የውብዳር «ምን አልኩ?» አሉ። ሸይኽ ቶፊቅ «ምንም አላሉም፣ እኔም ጆሮ የለኝም» አሉ። ወ/ሮ የውብዳር፣ ባለፈው ዓመት በበዓሉ ላይ ሸይኹ የፊት ወንበር ሲሰጣቸው አንዴም እምቢ እንዳላሉ ጠቀሱ። ሸይኹ ያ ወንበር እግሩ የተሰበረ ስለነበር ማንም ያልፈለገው እንደነበረ መለሱ። ሰብሳቢው ይህ ሁሉ ምንም እንዳልተባለ ሆኖ ይመዝገብ ብለው አዘዙ። ስለዚህ ምንም አልተባለም።

አቶ ሄኖክ፣ አራቱ ሰዎች አራት ብዕር ይዘው፣ ሦስት ሲባል እኩል ይፈርሙ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጸድቆ ወዲያው ተሞከረ። አራቱም ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። አቶ ሄኖክ ቆጠሩ። ሦስት ሲባል አራቱም ብዕር ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ፣ እያንዳንዱ ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። እንደገና ተቆጠረ። እንደገና ቆመ። የሰብሳቢው ወገብ ስለታመመ ሙከራው ተቋረጠ።

አቶ ሄኖክ ወረቀቱ እንደገና ታትሞ የፊርማ መስመሮቹ ክብ ይሁኑ፣ ክብ ነገር ላይና ታች የለውም፣ ማተሚያ ቤቱ በሁለት ሳምንት ያደርሳል አሉ። ሁሉም በጣም ወደዱት።

«ሁለት ሳምንት?» አለች ማርታ። «ጋሽ ሄኖክ፣ እኔ እኮ የምተኛው የሰው ምድር ቤት ውስጥ ነው፣ ከውሻቸው ምግብ ጋር። ከዚያ የምወጣው በዚህች ወረቀት ነው። የፈለጋችሁት ከላይ ይሁን፣ እኔ እንኳን ላይኛውን መስመር አላየውም!»

ውጭ የማይክሮባሱ ሾፌር ጥሩንባውን ነፍቶ «ያላ! ያላ!» እያለ ጮኸ። ዛሬ ከዚህ ገጠር ወደ ከተማ የሚወጣው የመጨረሻው መኪና እሱ ነው። ሰብሳቢው ለተማሪዋ ትዕግሥት ምስጋና ይመዝገብ አሉ። ተመዝግቧል።

ማርታ ምስጋናውን አልጠበቀችም። ወረቀቱን ከጠረጴዛው መሐል አነሳችና ወደ ጫፉ መጣች። ፀሐፊው ፊት አስቀመጠችው።

«አባባ ቸኮል» አለች፣ «ከዚህ ቤት በዕድሜ የሚበልጥዎ አለ?»

ፀሐፊው የለም አለ። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ከሸይኽ ቶፊቅ እንኳን በብዙ ይበልጣል።

«እንግዲያው በሞቴ እርስዎ ይቅደሙልኝ» አለች።

ፀሐፊው ሳይጋበዝ የሚፈርም ሰው አይደለም። ዛሬ እስከዚህ ሰዓት ድረስ የጋበዘው አልነበረም፣ አሁን ግን ተጋበዘ። እምቢ ለማለት ሐሳብ መጥቶበት ነበር፣ ወጉ ነውና። ጥሩንባው እንደገና ሲነፋ ግን ተወው። በላይኛው መስመር ላይ ስሙን ከነአባቱ ስም ጻፈ። ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው ስላልሆነ ሁሉም ቆመው ጠበቁት።

ላይኛው መስመር ሲያዝ የቀረው ሦስት ነው፣ ያልፈረሙት ደግሞ አራት ናቸው። ይህን መጀመሪያ ያስተዋሉት ወ/ሮ የውብዳር ናቸው፣ ብዕሩን ከፀሐፊው እጅ ነጥቀው ሁለተኛው ላይ ፈረሙ። ሰብሳቢው «ኧረ የውብዳር! ኧረ ሰው አለ!» እያሉ ሦስተኛውን ያዙ። ሸይኽ ቶፊቅ ቢስሚላህ ብለው አራተኛው ላይ ፈረሙ። አቶ ሄኖክ መስመር ስላጡ ከፎቶው ጎን፣ ከማርታ ጆሮ አጠገብ ፈረሙ።

ማርታ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ እፍ ብላበት፣ የፀሐፊውን ትከሻ ስማ ሮጠች። የማይክሮባሱ በር ሲዘጋ ተሰምቷል።

አስቸኳይ አጀንዳ፣ በሰብሳቢው የቀረበ

ጸጥታ ከሆነ በኋላ ሰብሳቢው፣ የኮሌጁ ሰብሳቢ ከፀሐፊ በታች፣ ለዚያውም ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ የፈረመበት ወረቀት አገር ሊያየው መሆኑን አስታወቁ። ወ/ሮ የውብዳር ሁለተኛ መፈረማቸው ችግር እንደሌለው፣ አንደኛው ግን ማን እንደሆነ ሊታሰብበት እንደሚገባ ተናገሩ። አቶ ሄኖክ በደንቡ ላይ የፀሐፊ ፊርማ የሚል ቃል እንደሌለ አስረዱ።

ፀሐፊው የሚለው ነገር እንዳለ ተጠየቀ። በስብሰባው መጀመሪያ ሐሳብ እንዳይጠየቅ ስለተወሰነ አልመለሰም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦ የፀሐፊ ፊርማ በማናቸውም ወረቀት ላይ ዋጋ እንዳይኖረው ተወሰነ። በእሱ ሥር የተፈረሙትም አብረው እንዲወድቁ ተወሰነ። ወረቀቱ ከማርታ እንዲመለስ ተወሰነ። አቶ ሄኖክ ሮጠው መኪናውን እንዲያስቆሙ ተልከው፣ በርሲም የተባለው የከብት ሣር ከሚበቅልበት ማሳ እስከ ጉልበታቸው ረጥበው ተመለሱ፣ መኪናው ሄዷል አሉ። ስልክ ቢደወልላት ይሻላል ተባለ። ማን ይደውል በሚለው ላይ ሁሉም ለሁሉም ቅድሚያ ሰጡ።

ሸይኽ ቶፊቅ ነገሩ እንዲህ ከተበላሸ መስኮቱም፣ ሁለት ጊዜ መግባቱም፣ ክቡ መስመርም፣ የዛሬው ስብሰባ ከነምስጋናው ይቅር አሉ። ከአጭር ውይይት በኋላ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ፣ ማርታ ወረቀት እንዲሰጣት የሚለው ጭምር፣ ሙሉ በሙሉ እንዲሻር ተወሰነ። ሰብሳቢው አክለው፣ ይህ የመሻሪያ ውሳኔ የሚጸናው ቃለ ጉባኤው ከተፈረመ ብቻ እንደሆነ፣ ካልተፈረመ ግን የልጅቷ ወረቀት እንዳለ እንደሚቆይ አስጠነቀቁ።

ቃለ ጉባኤው ጠረጴዛው መሐል ተቀመጠ። ሰብሳቢው ብዕሩን ለሸይኽ ቶፊቅ ዘረጉ። ሸይኽ ቶፊቅ ለወ/ሮ የውብዳር አሳለፉ። ወ/ሮ የውብዳር ለአቶ ሄኖክ ሰጡ። አቶ ሄኖክ ብዕሩን እንደያዙ ቆም አሉና አራቱም በአንድ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ መለሱ።

«አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ እንጂ» አሉ። ዛሬ አራቱም በአንድ አፍ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

ፀሐፊው ስለ ግብዣው ከልብ አመስግኖ፣ የፀሐፊ ፊርማ ዋጋ እንደሌለው ኮሚቴው አሁን ስለወሰነ፣ የኮሚቴን ውሳኔ መጣስ ደግሞ በዚህ ዕድሜው እንደማያምርበት ተናግሮ፣ ብዕሩን በሁለት እጁ ለሰብሳቢው መለሰ።

ስብሰባው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የማግሪብ አዛን ሲል ተበትኗል። ቤት የሚጠብቀው ሰው የሌለው ፀሐፊው ስለሆነ፣ የሚፈርም ሰው ከመጣ ብሎ ትንሽ ቆይቷል። የመጣ የለም።

የፊርማ ቦታ፦ ክፍት ነው። የፈለገ ይቅደም።