ሰው የምትመድበው እህቴ

በየቤተሰቡ ሰውን ሳይመድብ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ ቤት ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ታላቅ እህቴ፣ ክብርት የነጥብና የመስመር ሊቅ ናቸው። የምትሠራው ስልክ ድርጅት ነው። ደንበኛውን ነጥብ፣ ጥሪውን መስመር ታደርግና ኮምፒውተሩ በብዛት የሚደዋወሉትን ለይቶ ቡድን ቡድን ያወጣላታል።

ጣጣው ሥራዋን ቤት ይዛ መምጣቷ ነው። ባለቤቴን መጀመሪያ ሳስተዋውቃት በጆሮዬ የጠየቀችኝ "ከማን ጋር ነው የምትውለው?" ብቻ ነው። የሕንፃችንን ነዋሪዎች ለሦስት ከፍላ፣ ሦስቱን ቡድኖች የሚያገናኛቸው አሳንሰር ጠጋኙ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ባስነጠሰ ቁጥር እሰጋለሁ።

"እኔስ የት ነኝ?" ብላት፣ "አንተ ገና አልለየልህም" ብላ ሰላሜን ነሳችኝ።

ባለፈው ወር አባታችን ጠፋ። መርሳት ከጀመረ ቆይቷል። እናታችን ልብስ ልታሰጣ ዞር ስትል በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ስልኩ ትራሱ ላይ ቀርቷል። እኔ ለዘመድ ሁሉ እደውላለሁ፤ አክስቴንማ ደጋግሜ አስለቀስኳት።

"ተው በቃ" አለች እህቴ ስልኬን ቀምታ። "የምትደውልላቸው ሁሉ አንድ ቡድን ናቸው። እርስ በርስ ነው የሚያወሩት።"

"ታዲያ ለማን ልደውል?"

"ከየቡድኑ አንድ ሰው ይበቃል። ከሌላው ጋር የሚያገናኘው።"

ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለድሮ መሥሪያ ቤቱ ጥበቃ፣ አባባን ላኮረፈው የቀድሞ ጎረቤት ሳይቀር ደወለች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እናታችን ደጃፉ ላይ ቆማ፣ "ያን ሁሉ መኪና እንዴት አድርጎ ይሻገራል?" ትላለች።

በመጨረሻ ጥበቃው ደወለ። "መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ለሚቆሙት የአውቶቡስ ሾፌሮች ነግሬ ነበር። አንዱ አይቷቸዋል፤ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ተቀምጠዋል።"

ስንደርስ አባባ ጫማውን አውልቆ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። እህቴ ተንበርክካ ጫማውን ታጠልቅለት ጀመር። ያቺ ለሁሉ ቡድን የማታጣ ሴት እንባዋ ይወርዳል። አባባ ትንሽ አያትና ወደ እኔ ቀና አለ።

"ይቺ ልጅ የማን ናት?"

"የእኛ ናት፣ አባባ።"

"ጎሽ" አለና እጁን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈ።