ትርፏ ገመድ

[ሰኔ መግቢያ፤ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ የአክስቴ የጌጤ ግቢ። አንድ ጎባጣ ባሕር ዛፍ ወደ ቤታቸው ጣራ አዘንብሏል። ክረምቱ ነፋሱን ይዞ ሳይመጣ መውደቅ አለበት። ከሥሩ የቆምኩት እኔ ዋልልኝ ነኝ፤ ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ፣ ወረቀት እንኳ ቀጥ አድርጌ መቁረጥ የማልችል ሰው። እጄ ላይ ትናንት የገዛሁት የሞተር መጋዝ፣ ራሴ ላይ የተዋስኩት ሄልሜት፣ ዓይኔ ላይ የፀሐይ መነጽር፣ እግሬ ላይ ነጠላ ጫማ።]

እኔ፦ ሃያ እርምጃ ይራቁ አልኩ እኮ፣ አክስቴ!

አክስቴ፦ በማን እግር?

እኔ፦ በማንም እግር! ሃያ ሃያ ነው።

አክስቴ፦ ያንተ አንዱ የኔ ሁለት ነው። ደግሞ ሃያ ከራቅሁ ጓዳዬ ገባሁ። ዛፉ የሚወድቅ እዚያው ጓዳው ላይ ነው።

እኔ፦ ቤት ላይ አይወድቅም! ወደ ጎመኑ ነው የሚወድቀው።

አክስቴ፦ ነግረኸዋል?

እኔ፦ ለማን?

አክስቴ፦ ለዛፉ። ሲያዩት ወደ ቤት ያሰበ ይመስላል ብዬ ነው።

እኔ፦ [መነጽሬን ከፍ አድርጌ] አክስቴ፣ ይህ ሳይንስ ነው። ስልክ ላይ አይቻለሁ። ፈረንጁ በአንድ ደቂቃ ገንድሶ ጣለው።

አክስቴ፦ ሙሉውን አየኸው?

እኔ፦ መጋዙ እንዴት እንደሚነሳ አይቻለሁ። እንዴት እንደሚጠፋ ላይ ሲደርስ ኔትወርክ ሄደ።

አክስቴ፦ እንግዲህ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ታቅፈኸው ትሮጣለሃ።

[ማስነሻውን እስባለሁ። መጋዙ «ክርር» ይልና ዝም።]

አክስቴ፦ ምን ሆነ?

እኔ፦ አልሞቀም። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይነሳል።

አክስቴ፦ ሳይነሳ በምን ይሞቃል?

[መጋዙን አገላብጬ እፍ እፍ አልኩበት።]

አክስቴ፦ ስትገዛው አስነስተህ አየኸው?

እኔ፦ ባለሱቁ ጎረቤት ይረበሻል አለኝ። ሦስት ዓይነት ነበሩ። ትንሹ ለጓሮ የሚሆን ነው፤ ቀላል፣ መለዋወጫው በየሱቁ ያለ። መካከለኛው ጓንትና እግር የሚከላከል ወፍራም ሱሪ ይዞ ይመጣል። ይህ ግን ከሁሉም ትልቅ፣ ከሁሉም ርካሽ!

አክስቴ፦ ለምን ረከሰ ብለህ አልጠየቅህም?

እኔ፦ ብጠይቀው ይጨምርብኝ ነበራ።

አክስቴ፦ ለመሆኑ ፍሬን የለውም?

እኔ፦ ነበረው። ከፊት ያለችው ፕላስቲክ ነበረች። ፎቶ ስነሳ ፊቴን ስለጋረደችኝ ነቀልኳት።

አክስቴ፦ ምን ይበላል?

እኔ፦ ቤንዚን ከዘይት ጋር።

አክስቴ፦ ቅቤ አይነካም?

እኔ፦ ኧረ አይነካም!

አክስቴ፦ ጿሚ ነው በለኛ። እንግዲያማ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ንቅንቅ አይልም።

[እንደገና እስባለሁ። አሥር ጊዜ። በአሥራ አንደኛው አንድ ጫማዬ ተወርውሮ ጎመኑ ውስጥ ገባ። ወደ ጎመኑ የሄደው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።]

አክስቴ፦ [መቀነታቸውን ጠበቅ እያደረጉ] ልጄ፣ ይች ጥቁር ገመድ ምንድን ናት? ጫፏ ላይ የጎማ ቆብ አላት፤ ምንም አልያዘችም።

እኔ፦ [ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ባለሙያ ሁለቴ ነካ ነካ አድርጌ] እሷ ትርፍ ናት።

አክስቴ፦ ትርፍ?

እኔ፦ ፋብሪካው ይጨምራል። ሸሚዝ ሲገዙ ትርፍ ቁልፍ እንደሚኖረው።

አክስቴ፦ ደግ ፋብሪካ ነው። ይችስ ቀዳዳ? የሆነ ነገር የጎደላት አትመስልም?

እኔ፦ ለአየር ናት! አክስቴ፣ እባክዎ የማያውቁትን አይንኩ። መኪና ነገር እንደ ሞሰብ አይደለም።

አክስቴ፦ እሺ ልጄ። እኔ ምን አውቄ።

[ስስብ፣ ስስብ፣ ከሄልሜቱ ሥር ላቤ ዓይኔ ገብቶ ማየት አቃተኝ። በመጨረሻ መሬት ላይ ዘጭ አልኩ።]

እኔ፦ ባለሱቁ አታሎኛል! ነገ ሄጄ ፊቱ ላይ ነው የምወረውርለት!

አክስቴ፦ ተው፣ ሰው አትበድል። [ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ ይፈታሉ፤ ነጭ አንገት ያላት ትንሽ ብረት ትወጣለች] ይችን ነው የምትፈልግ?

እኔ፦ ካንዴላው! አክስቴ! ጥቁሯ ገመድ የምትሰካው እሱ ላይ ነው! ያለሱ እኮ እሳት የለም፤ እስከ መስቀል ብስበውም አይነሳም!

አክስቴ፦ አውቃለሁ።

እኔ፦ ከየት ያውቃሉ?

አክስቴ፦ ልጄ ዘውዱ ባጃጅ ይነዳ የለም? ጠላ ጠጥቶ በመጣ ቁጥር የምፈታት ይችን ነው። ጧት እመልሳታለሁ። እስከ ዛሬ «ባጃጄ የጠላ ሽታ አትወድም» እያለ ለሰው ያወራል።

እኔ፦ የእኔን መቼ ፈቱት?

አክስቴ፦ ሄልሜትህን መስታወት ላይ ልታይ ስትገባ። አብሮት የመጣውን ብረት «ምን ይሠራል» ብለህ ጥለኸው አልነበር? እሱ ነው መፍቻው።

እኔ፦ ታዲያ ገመዷን እያሳዩ ሲጠይቁኝ…

አክስቴ፦ ብትነቃ ልሰጥህ ነበር። የጎደለውን ያወቀ ይቁረጥ ብዬ። አንተ ሸሚዝ አመጣህብኝ።

እኔ፦ ቤቱስ? ነፋስ ቢመጣ?

አክስቴ፦ ቤት ቢፈርስ በደቦ ይሠራል። ባሕር ዛፍም ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጣት አያቆጠቁጥም፣ ዋልልኝ። ወንድሜ ሲሞት ሙሉ አካልህን ነው ያስረከበኝ። እኔም ስሄድ አንድ ሳላጎድል እንዲያው ነው የምመልስለት።

[አንገቴን ደፋሁ። ሄልሜቱ ከባድ ስለሆነ ለመድፋት አልተቸገርኩም። በዚህ መሐል የአክስቴ ጎረቤት አያሌውና ሌሎች አራት ጎረቤቶች መጥረቢያና ገመድ ተሸክመው በአጥሩ በር ገቡ።]

እኔ፦ እነዚህ ምን ሊሠሩ ነው?

አክስቴ፦ ዛፉን ሊጥሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኑ ብያቸው ነበር። አስረው ወደ ጎመኑ ይስቡታል።

እኔ፦ እኔስ? በዚህ ሁሉ ትጥቅ ቁጭ ልል ነው? ልርዳ እንጂ!

አክስቴ፦ አንተማ ታስፈልጋለህ። ሁለቱን ገመድ እነ አያሌው ይይዛሉ። አንተ ሦስተኛዋን ይዘህ ከአጥሩ ማዶ ቁም። ሃያ እርምጃ፤ በራስህ እግር።

[ደስ አለኝ። ገመዷን ክንዴ ላይ ጠምጥሜ፣ በአንድ ጫማ ሃያ እርምጃ ቆጥሬ፣ ከአጥሩ ማዶ እግሬን ተክዬ ቆምኩ። ወንዶቹ ግንዱን በመጥረቢያ ቆርጠው «ሆ!» ሲሉ እኔም «ሆ!» ብዬ ሳብኩ። ዛፉ ቀስ ብሎ ዞረና ጎመኑ ላይ ተዘረጋ። ቤቱ አልተነካም።]

እኔ፦ አክስቴ! አዩት አይደል? ብቻዬን የሳብኩት ነው የሚመስለኝ! ግን ምነው ቀለለኝ? የኔዋ ጫፍ የታሰረችው ምን ላይ ነው?

አክስቴ፦ ምንም ላይ። ትርፍ ናት!