የ«ሦስት ነፍስ» ታማኝ አንባቢ

ለሰው ማኪያቶ ሲከፍል እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ለቅሶ ቤት ውኃ በደርዘን የሚያወርድ፣ ታክሲ ውስጥ «ተዉ፣ እኔ ነኝ» ብሎ ለማያውቀው ተሳፋሪ ጭምር የሚከፍል፣ ስልክ ላይ ለተጻፈ ነገር ግን ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል ሳንቲም የማያወጣ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ቋጣሪ እንዳይሉት ቸር ነው። ቸር እንዳይሉት ደግሞ እድላዊት ትታዘባለች።

ለእድላዊት የደረሳት ዱባለ ይባላል። ሃያ ሁለት አካባቢ የሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ መደብር አለው፤ ከሥራ ሲወጣ ላምበረት የዋቅጅራ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ኳስ ይጫወታል። እድላዊት ከባልደረባዋ ከእዝራ ጋር «ሦስት ነፍስ» የምትባል የቪዲዮ ጌም መጽሔት ታዘጋጃለች። የመጽሔቷ ስም የተወሰደው ተጫዋች ጌም ውስጥ እየሞተ ከሚነሣበት ዕድል ነው። መገናኛ ያለ አንድ መጽሐፍ ሻጭ ግን ከመንፈሳዊ መጻሕፍት ጎን ደርድሯት፣ አንዲት እናት ገዝተው ካነበቡ በኋላ ቢሮ ድረስ ደውለው ሦስተኛዋ ነፍስ የቷ እንደሆነች ጠይቀዋል።

ወረቀት እየተወደደ ሲሄድ መጽሔቷ መታተም አቆመች። እድላዊት ሁሉንም ነገር ወደ ስልክ አዙራ፣ በወር ከአንድ ማኪያቶ ብዙም ያልበለጠ ለማስከፈል አሰበች። ጌም የሚጫወት ሰው ለማንበብ ይከፍላል ወይ የሚለው ነበር ጭንቀቷ። እዝራ አይከፍልም ባይ ነው። እሷ ግን አንባቢዎቿን ሲኤምሲ አንድ ካፌ ሰብስባ ጠየቀች። ሁሉም እጁን አወጣ። ዱባለ ሁለቱንም አወጣ። አልበቃ ብሎት ከመቀመጫው ተነሣና፣ አልከፍልም የሚል ካለ ከእሱ ጋር እንደሚነጋገር አስታወቀ፤ የቤቱንም ሒሳብ ዘጋ። እድላዊት በዚያው ሳምንት ቀርቦላት የነበረውን የባንክ ሥራ አልፈልግም ብላ መለሰች።

ድረ ገጹ ተከፈተ፤ ከፋይ ጠፋ። እጅ ካወጡት አብዛኞቹ ስልክ አያነሡም። ዱባለ ግን አለመክፈሉ ሳያሳፍረው ራሱ ይደውላል። አንድ የከፈለ ወዳጁ ገጹን ሁሉ ስክሪንሾት እያደረገ ይልክለታል፤ እሱ ደግሞ ለቴሌግራም ግሩፑ በሙሉ ያድላል። ከዚያ ማለዳ እድላዊት ጥርሷን ሳትፋቅ ስልኳ ይጮኻል። ስለ መከላከል አጨዋወት የጻፈችው ልክ አይደለም። የእዝራ ጽሑፍ አጥሯል። አንድ ቀን በጣም ቅር ብሎት ደወለ፤ ስክሪንሾቱ የመጨረሻውን አንቀጽ ስለቆረጠው በቃል እንድትነግረው ፈልጎ ነው። ይበልጥ ያናደዳት መንገሯ ነው።

እዝራ ስልኩ ሲጮህ «ክቡርነታቸው ናቸው» ማለት ለመደ። ስክሪንሾት እንዳይሠራም ገጹን ቆለፈው። ወዳጅየው በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሣት ጀመረ። በማግስቱ ክቡርነታቸው ደውለው ጽሑፉ እየደበዘዘባቸው መሆኑን፣ ዓይናቸው ቢጠፋ ተጠያቂው ማን እንደሆነ እንዲታወቅላቸው አሳሰቡ።

እድላዊት ፊት ለፊት ልታናግረው ወሰነች። ዱባለ ደስ ብሎት ሃያ ሁለት አንድ ሥጋ ቤት ምሳ ጋበዛት። ክትፎው መጣ፣ ጥብሱ ተከተለ፣ ለእዝራም የሚወሰድ ታዘዘ። እድላዊት የገበታው ዋጋ ለስንት ዓመት ንባብ እንደሚበቃ በልቧ እያሰላች ጉርሻ ትቀበላለች።

«ዱባለ፣ ለምንድነው የማትከፍለው?» አለችው በመጨረሻ።

እጁን በሶፍት ጠራርጎ በትዕግሥት አስረዳት። መጽሔቷ ወረቀት በነበረች ጊዜ አንድም ዕትም አምልጦት አያውቅም፤ ለሰው ብሎ ሁለት የሚገዛበት ጊዜም ነበር። ወረቀት ይያዛል፣ ይታጠፋል፣ ሰው ተውሶት ሳይመልስ ሲቀር ይጣሉበታል።

«ይሄ ግን ብርሃን ነው» አለ ስልኩን ከፍ አድርጎ። «ለብርሃን ይከፈላል እንዴ?»

«ጌሙ ውስጥ ላለው ቡድንህ ማልያ በዶላር አልገዛህም?»

«እሱማ ይለበሳል» አላት።

ጉርሻው ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ዱባለ ደንግጦ ውኃ አቀረበላት፤ እስክትተነፍስ ድረስም ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት።

ከዚያ ምሳ በኋላ እድላዊት ተስፋ ቆረጠች። «ሦስት ነፍስ» በወሩ መጨረሻ እንደምትዘጋ የሚገልጽ አጭር ማስታወቂያ ጽፋ ለጠፈች። በማግስቱ ማለዳ ዱባለ ደወለ። ስለ ፊደል ግድፈት አላነሣም። እውነት መሆኑን ብቻ ጠየቃት፤ እውነት ነው አለችው። «እሺ» ብሎ ዘጋ።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልጮኸም። እድላዊት እፎይ፣ ተገላገልኩ አለች። ግን ማለዳ ሻይዋን ስትጠጣ ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። የአንድ ጌም ስም አሳስታ ጽፋ ማንም ሳይቆጣት ሲመሽ፣ ጽሑፉን ያነበበ ሰው መኖሩን ተጠራጠረች።

በዚህ መሐል ከፋዮች መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ከዚያ በየምሽቱ ግር ብለው። እዝራ ሲስተሙ የተበላሸ መስሎት ለአንዱ ደውሎ ስለ መጽሔቷ የት እንደሰማ ጠየቀው። ሰውየው በደከመ ድምፅ፣ ላምበረት ዋቅጅራ ቤት ነው፣ ሌላ ያልከፈልኩት ነገር አለ እንዴ ብሎ ጠየቀና መልሱን ሳይጠብቅ ዘጋው።

እድላዊት በማግስቱ ከሰዓት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለውን ፕሌይስቴሽን ቤት ፈልጋ አገኘችው። ዱባለ በሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ሊጫወት የመጣውን ሁሉ ስልክ ይመረምራል። ለ«ሦስት ነፍስ» ያልከፈለ እዚያው ቆሞ ይከፍላል። አንድ ጎልማሳ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሞላውን ነገር ለምን እገዛለሁ ብሎ ሲከራከር፣ ዱባለ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ሰው ቁጭ ብሎ አስቦ ይጽፍልሃል፤ አንተ በነፃ ልታነብ? ነውር አይደለም?»

ጎልማሳው ከፈለ። ዋቅጅራ ብቅ ብሎ እድላዊትን ሲያያት እጁን ዘርግቶ ምን ላድርገው የሚል ምልክት አሳያት። ሁለት ደንበኛ አባሮብኛል አለ። የከፈለውን ሰው የመጀመሪያ ጨዋታ ግን ዱባለ ከኪሱ ስለሚጋብዝ ቤቱ ሞልቷል፤ ምን ብሎ ይቆጣዋል።

ይህ ሁሉ ግብዣ ከመጽሔቷ ዋጋ ስንት እጥፍ እንደሚሆን እድላዊት ለማሰብ እንኳ ደከማት።

«አንተስ ከፈልክ?» አለችው ጠጋ ብላ።

ዱባለ ከልቡ ተገረመ። «እኔ? እኔ ሠራተኛ ነኝ እኮ።»

ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ የወጣው ግን ሳቅ ሆነ፤ ወንበሩን እስክትደገፍ ድረስ ሳቀች። ሠራተኛ ከሆነ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ እንዳለ ነገረችው።

ሰኞ ጠዋት እዝራ የመዝጊያውን ማስታወቂያ አንሥቶት ነበር። እድላዊት ቢሮ ስትደርስ ዱባለ ለሁሉም የሚበቃ ትኩስ ቦምቦሊኖ በፌስታል ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሰዓቱን አይቶ፣ እንዲህ እያረፈዱ መጽሔት አይሠራም አላት።