ተሳላሚዋ እትዬ አገሪቱ በጣልያን

ከሐበሻ ጋር ከተማ ሊጎበኝ የወጣ ሰው፣ ከመካከል አንድ ተሳላሚ እንደማይጠፋ አውቆ ይውጣ። ተሳላሚ ማለት ቤተ ክርስቲያን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይሆንለት ፍጡር ነው። በሩን ይስማል፣ ግድግዳውን ይስማል፣ የዘመድ አዝማዱን ስም ይጠራል። የቀረነው ቆመን እንጠብቃለን።

የጄኔቫዋ ተሳላሚያችን ክብርት እትዬ አገሪቱ ናቸው። «ክብርት» ያልኳቸው ለዓመታት በአንድ አምባሳደር ቤት ስላበሰሉ ነው፤ ማዕረጉ ሳይጋባባቸው አልቀረም። አንድ ቀን ፕላንፓሌ አደባባይ ላይ ትራም ውስጥ ብድግ ብለው ለአንድ ቤተ ክርስቲያን የደወል ማማ እጅ ሲነሱ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ተማሪ ለእሱ መስሎት አጸፋውን መለሰ። እሳቸውም መርቀውት ተቀመጡ።

ባለፈው መስከረም አምባሳደሩ የሥራ ዘመናቸውን ጨረሱ። የእትዬ የመኖሪያ ካርድም አብሮ ማለቁ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቀጣሪ ካልተገኘ ወደ ደሴ መመለስ ግድ ሆነ። «እስቲ አንድ ቀን እንኳ ተዝናንተን እንዋል» ብላ ጉዞውን ያሰናዳችው ጓደኛዬ ዮርዲ ናት፤ ዙሪክ አጠገብ ካለችው ቪንተርቱር ድረስ መጥታ። ከሲምፕሎን ዋሻ ማዶ ወዳለች አንዲት የጣልያን ከተማ ወሰደችን። የመካከለኛው ዘመን ግንብ፣ ጠባብ የድንጋይ መንገድ፣ ደጃፍ ላይ የተኛ ድመት፣ ከዚያ በቀር ጸጥታ። ችግሩ በየማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን መኖሩ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የካቶሊክ ነው» አለች ዮርዲ።

«ማርያም ደግሞ የማን ሆነችና ነው?» አሉና ግድግዳውን ሳሙት።

እኩለ ቀን ሲሆን ከሁለተኛው ቅያስ አላለፍንም። «ግንቡ ይዘጋል፣ ሱጉም ጥሎን ይሄዳል» ትላለች ዮርዲ። በጀርመንኛ ባቡሩን ማለቷ ነው፤ የዙሪክ በኩል ልጆች ባቡርን በሌላ ስም አይጠሩትም። በዚህ መሀል እትዬ ጫማቸውን አውልቀው በአንድ ትልቅ በር ገቡ። ተከትለን ስንገባ ሰው ፓስታ ይበላል። ለካ ቤተ ክርስቲያንነቱ ቀርቶ ምግብ ቤት ሆኗል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሽማግሌው ባለቤት ግን የእትዬን ባዶ እግር ሲያዩ ገባቸው መሰለኝ፣ ክንዳቸውን ይዘው መንበሩ የነበረበትን ቦታ አሳዩዋቸው። አሁን የወይን ጠጅ መደርደሪያ ቆሞበታል። እትዬ ለመደርደሪያው ሰገዱ። እንዳጎነበሱ ብዙ ቆዩ፤ ምን እንደሚለምኑ እኔም ዮርዲም እናውቅ ነበር።

ግንቡን ሳናየው ተመለስን። ባቡር ውስጥ እንዳኮረፍኩ፣ «እትዬ፣ ለአንድ ጉዳይ ይህን ሁሉ ደጅ መጥናት ያስፈልግ ነበር?» አልኳቸው።

«ለራሴስ የለመንኩት እዚያ ምግብ ቤት ብቻ ነው፤ ሌላው ጋ እናንተን ነው በየስማችሁ ያነሳሁት» አሉኝ።

ቀጣሪ አልተገኘም። እትዬ ወደ ደሴ ሄዱ።

በሚያዝያ እኔና ዮርዲ ግንቡን ልናይ ወደዚያችው ከተማ ተመለስን። አየነው፣ ትንሽ ነው። ከተማዋንም ቶሎ ዞረን ጨረስናት፣ የሚያስቆመን ሰው አልነበረም። ከዚያ ባቡሩ እስኪመጣ ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጠን ዋልን። እትዬ በጣም ናፈቁኝ።

«ያኔ ምን አስቸኮለን ግን?» አለች ዮርዲ።