ጎንደር የሚቀድመው ዘፈን

ዘፈን የሚጾም ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እኔን ተዋወቁኝ። ሥጋና ቅቤማ አገሩ ሁሉ ይጾማል፤ ምን ይገርማል። እኔ ዓቢይ ጾም ሲገባ ስልኬ ላይ ያሉትን ዘፈኖች በሙሉ አንድ ቦታ አጭቄ እዘጋባቸውና እስከ ትንሣኤ ዝር አልልባቸውም። ጆሮዬ ይጾማል። ጉሮሮዬ ግን ነገረኛ ነው፤ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ፣ ክፍል ገብቼ ሰሌዳ ላይ የተከዜን ተፋሰስ ስስል፣ አንዱ ዘፈን ሳልጠራው መጥቶ ይንጎራጎርብኛል። የዓመቱን ምርጥ ዘፈን የምለየው እንግዲህ በዚህ ነው። ስንት ሰው ተመለከተው እያላችሁ የምትቆጥሩ ቁጠሩ፤ እኔ የምይዘው ከሁዳዴ የተረፈውን ነው።

የማስተምረው ደባርቅ ነው፤ ጂኦግራፊ። ደባርቅ ሆኖ የዓመቱን ዘፈን መከታተል ይቻላል ወይ ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፤ ዘፈን ከሁለት አቅጣጫ ነው የሚገባልን። ከወደ ጎንደር የሚመጣው በሚኒባስ ነው፤ ሚኒባስ ደግሞ ዘፈኑን አሰምቶህ ሳይጨርስ እብስ ይላል። ከሰሜን የሚመጣው ሊማሊሞን በወጣ ጭነት መኪና ነው፤ እሱ እያቃሰተ ስለሚያልፍ ከነአዝማቹ ያሰማሃል። ኢንተርኔት ያልክ እንደሆነ፣ እሱ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲሄድም የሚሸኘው የለም።

ዘንድሮ ከጾም የተረፉልኝ ብዙ ጥሩዎች ነበሩ። አንዷ ስሟን ብዙ ሰው የማያውቃት ልጅ ናት፤ መኝታ ቤቷ ውስጥ ጊታር ይዛ የቀዳችው ይመስለኛል፣ መሀል ላይ ወንበሯ ሲንቋቋ ይሰማል። እሷ ስትዘፍን ሳይሆን ወንበሩ ሲንቋቋ ነው ሆዴ የሚባባው። ሌላው በጥር ሠርግ ሁሉ ላይ ሲጨፈርበት የከረመ፣ መጀመሪያ ስሰማው የጠላሁት ዘፈን ነው፤ በሁዳዴ አጋማሽ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ በእግሬ ስመታው ራሴን ያዝኩት፤ ተሸነፍኩ። አንድ ደግሞ ከሊማሊሞ ሥር የመጣ ትግርኛ አለ። ግማሹ አይገባኝም። የገባኝ ግማሽ ግን አንድ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ሌላ ሰው እንደሚጠብቅ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይግባኝ?

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ለትርንጎ ብዬ ነው። ትርንጎ ዳባት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነበረች። የተዋወቅነው ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ ጎኔ ተቀምጣ በጆሮዋ የምትሰማው ዘፈን እየሾለከ መጥቶ እኔ ሳላውቀው አብሬ ሳንጎራጉር፣ አንደኛውን ማዳመጫ ነቅላ ሰጠችኝ፤ ከምታበላሽብኝ በትክክል ስማው ብላ። ከዚያ ወዲህ ጳጉሜ በመጣች ቁጥር ዳባት ጭማቂ ቤት ቁጭ እንልና የዓመቱን ምርጦቻችንን እንለዋወጣለን። የእሷ አመራረጥ ከኔ የባሰ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት እያባበለች ታንጎራጉራለች፤ የትኛው ዘፈን ላይ ሴትዮዋ ጩኸቷን አቁማ "እሱን ድገሚው" እንዳለቻት ትይዛለች፤ የሷ ምርጥ እሱ ነው። የኔን ምርጫ ስትሰማ "ያንተዎቹ ሁሉ ያለቅሳሉ" እያለች ትስቃለች። ሁሉንም ግን ትወስዳቸዋለች።

ዘንድሮ ጳጉሜን የሚጠብቅ ጊዜ ጠፋ። እናቷ ድሬዳዋ ብቻቸውን ስለሆኑ ጠይቃው የነበረው ዝውውር ተፈቀደላትና ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ልትሄድ ሆነ። እኔ ደግሞ እስከዚያች ቀን ድረስ፣ እንደምወዳት ለሷ አንድ ቃል ተንፍሼላት አላውቅም። ምነው ብትሉኝ፣ ፊት ለፊት ስንገናኝ ምላሴ ስለ ዘፈን ካልሆነ አይፈታም። ፈሪ ነኝ፤ አለቀ። ስለዚህ ሠላሳ የሚሆኑ ዘፈኖቼን አንድ ፍላሽ ላይ በወግ በወጉ ደረደርኩ፤ ከሁሉም በኋላ፣ መጨረሻ ላይ፣ በስልኬ የቀዳሁትን የራሴን ድምፅ ጨመርኩበት። በአፌ ያቃተኝን በጆሮዋ በኩል ላስገባው ብዬ ነው።

ፍላሹን ለፈንታሁን አደራ ሰጠሁት። ፈንታሁን የደባርቅ ጎንደር ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ በኛ አገር ከእንቁላል እስከ መርዶ የማይላክበት ነገር የለም። "አታስብ ቲቸር፣ ነገ ከዳባት የምወስዳት እኔ ነኝ፤ ጋቢናውን ይዤላታለሁ" አለኝ። ከዚህ በላይ ምን አስተማማኝ ነገር አለ? ቤቴ ገብቼ ስልኬን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ጠበቅሁ።

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ሰምታ ዝም ያለች መሰለኝ፤ ዝም ማለቷን ደግሞ መልስ አደረግሁት። በዚያ ሰሞን ጾም ሳይገባ ዘፈን ጾምኩ።

እንቁጣጣሽ ዕለት ስልኬ ጮኸ፤ ትርንጎ ናት። እንኳን አደረሰህ ካለችኝ በኋላ ድምፅዋ ቀዝቀዝ አለ፤ ዘንድሮ ዘፈን ነፈግኸኝ አለች። ክው አልኩ። እሷ ቀጠለች። ግን ልንገርህ፣ ዳባትን ለቅቄ የሄድኩ ቀን ያ ፈንታሁን የሚሉት ሹፌር እንዴት ያለ ዘፈን ከፍቶ እንደወሰደን! አንዲት ልጅ አለች፣ መሀል ላይ ወንበር የሚንቋቋባት፤ እስከ ጎንደር ድረስ እንባዬን ስጠርግ ሄድኩ። የሚመርጥለት ማን እንደሆነ ጠይቅልኝ፤ አትቀየመኝና ካንተ ይሻላል አለች። እስቲ ፍረዱኝ፤ በገዛ ዘፈኖቼ በሹፌር ቀናሁ። እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፍቼ፣ ያቺ ፍላሹ መጨረሻ ላይ የቀዳኋት ንግግር ትዝ አለችኝና መልሼ ዘጋሁት። እጠይቅልሻለሁ አልኳት።

ፈንታሁንን ሄጄ ያዝኩት። ግንባሩን በመዳፉ መታ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ፈንታሁንም እንደኔው ዘፈን ጿሚ ነው። ፍልሰታን በመዝሙር አሳልፎ፣ ጾሙ በተፈታ ማግስት ተሳፋሪው ዘፈን ዘፈን ሲለው፣ ኪሱ ውስጥ ያገኘውን ፍላሽ ቴፑ ላይ ሰካ። ጎንደር ስንደርስ ነቅዬ እሰጣታለሁ ብሎ ነበር፤ መናኸሪያው ሲተረማመስ ረሳው። ከዚያ ወዲያማ ተሳፋሪው ካልተከፈተልን ብሎ ያዘው።

"መጨረሻው ላይ ያለውን ሰምታችኋል?" አልኩት።

"ደርሶ አያውቅም" አለ። "ዳባት ላይ ሞተር ሳጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል፤ ከዳባት በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ ጎንደር ይቀድመዋል።"

እፎይ ብዬ እንኳን አልጨረስኩም፤ እፎይታዬ ውስጥ ቅር የሚል ነገር ገባ። ያቺ ንግግር መንገድ ለመንገድ ስትመላለስ፣ ማንም ጋ ሳትደርስ ልትቀር ነው። ፈንታሁን ዛሬን ብቻ ሠርቼበት ማታ ውሰደው ብሎ ለመነኝ። እኔ ደግሞ አላምነውም አልኩና ፍላሼን ልጠብቅ አብሬ ተሳፈርኩ። ዘበኛ ሆንኩላችሁ።

ጎማው የፈነዳው ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ እንዳልን ነው። ስታርተሩ ከዳባት ጀምሮ ሲያስቸግረው ስለነበር ፈንታሁን ሞተሩን አላጠፋም፤ ቴፑም አልጠፋም። ግማሹ ወርዶ ጎማ ያስፈታል፣ ግማሹ ንፋሱን ፈርቶ ውስጥ ተቀምጧል። ጋቢና ከደረስጌ የመጡ አንዲት እማሆይ ነበሩ፤ ዘፈን በተቀየረ ቁጥር ያማትባሉ፣ ዝጉልኝ ግን አይሉም። አንዱ ዘፈን አለቀ፤ ሌላው ቀጠለ። ፈንታሁን አንዱ ብሎን እምቢ ብሎት ከጎማው ጋር ይታገላል። በጊዜያችን ጎንደር ገብተን የምናመልጠው ዘፈን ሁሉ ተራ በተራ መጣ። ከዚያ ያ ትግርኛ ጀመረ፤ የመጨረሻው ዘፈን።

ተነሥቼ ፍላሹን ያዝኩት። መንቀል ነው፤ የአንድ ጣት ሥራ ነው። እማሆይ ቀና ብለው አዩኝ። "ምነው ልጄ፣ ይጨርስ እንጂ" አሉኝ። ዘፈን ይጨርስ ብላ የምትለምን መነኩሴ ምን ትሏታላችሁ? እጄ ከፍላሹ ወረደና ኪሴ ገባ። ስልኬን አውጥቼ ለትርንጎ ደወልኩላት።

"የፈንታሁን ሚኒባስ ውስጥ ነህ እንዴ?" አለች ዘፈኑን ገና ስትሰማ።

"ነኝ፤ እስከ መጨረሻው ስሚው" አልኩና ስልኩን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩት።

መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ሰውዬ ዘፍኖ ጨረሰ። ከዚያ የኔ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ከቅጂው በስተጀርባ የሰፈራችን ውሻ የሚጮህበት። "ትርንጎ፣ እኔ ነኝ። እነዚህን የመረጥኳቸው ምርጥ ስለሆኑ አይመስለኝም፤ ስሰማቸው አንቺ አጠገቤ ስለምትኖሪ ነው። አትሂጂ አልልሽም፤ እናትሽ ናቸው። ግን ስትሄጂ ጆሮዬ ባዶውን ይቀራል። እወድሻለሁ። ልምጣ ካልሽኝ እመጣለሁ።"

ፈንታሁን የጎማ መፍቻውን እንደያዘ በመስኮት አንገቱን አስገባ። እማሆይ አማተቡና "ይኼስ ኑዛዜ ነው" አሉ ቀስ ብለው። ሁሉም ስልኩን ያያል እንጂ እኔን የሚያይ አልነበረም፤ እግዜር ይስጣቸው። ቴፑ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ዞሮ፣ ያቺ ልጅ ጊታሯን መምታት ጀመረች።

"ትርንጎ፣ አለሽ?"

የሚተነፍስ ነገር ይሰማኛል። ወንበሩ ሲንቋቋ እሷም ሰማችው መሰለኝ።

"አለሁ" አለች። "ሹፌሩን ይድገመው በለው።"

"ከመጀመሪያው ጀመረ እኮ፤ እስኪደርስ ድረስ ጎንደር ይቀድመዋል።"

"ከቀደመው አንተው በአፍህ ትለዋለህ" አለች።