ረጅም ቃል የሚፈልጉት አማቴ

ጡረታ የወጣ ሰው መቼም የሚይዘው ነገር አያጣም። አንዱ ቀፎ ይሰቅላል፣ አንዱ የእድር ዳኛ ይሆናል፣ አንዱ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ይካሰሳል። የእኔ አማት ጋሼ ታደሰ ግን ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ነው የሚፈልጉት። ምን ያደርግላቸዋል አትሉኝም? እኔም ጠይቄያቸው አውቃለሁ። መልሳቸው "አንተ ኳስ ስታይ ምን ያደርግልሃል?" ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሁለት ፊደል ይሰጧችኋል። ኪው እና ቲ፣ በሉ። ሁለቱም የሚገኙበት የእንግሊዝኛ ቃል ትፈልጋላችሁ፣ እሳቸውም ይፈልጋሉ። ረጅሙን ያመጣ ያሸንፋል፣ የተሸነፈ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል። ይኸው ነው። ቤታቸው ኦሮምኛ ይወራል፣ ገበያ ሲወጡ አማርኛ ይቀላቀልበታል፣ እንግሊዝኛው ግን ለዚህ ብቻ የተቀመጠ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቡሬ፣ ሁሩሙና መቱ እየተዘዋወሩ ያስተማሩትን ቋንቋ በጡረታ ጊዜ በሌላ በምን ያውጡት?

ችግሩ ተጫዋች ነው። መቱ ውስጥ እሳቸው ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ብቅ ካሉ ሻይ ቤቱ ባዶ ይሆናል። የዞኑ ግማሽ ሠራተኛ ተማሪያቸው ነበር፣ ጡረታ የወጣ መምህር ደግሞ አሁንም ያርማል። አንድ ቀን ወደ ሁሩሙ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው "ዜድ እና ደብልዩ" ቢሉት እንቅልፍ ወሰደው። ወደ ኋላ ሲዞሩ የኋለኛውም ወንበር ተኝቷል። ያ መንገድ እኮ እንኳን ሰው፣ እግሯን የታሰረች ዶሮም አታሸልብበትም። ወባ ይዟቸው የተኙ ጊዜም፣ ሐኪሙ ምላስዎን ያውጡ ቢላቸው አስቀድመው "ጄ እና ኤክስ" ብለውታል አሉ። ሐኪሙ ምን እንዳለ አልሰማሁም። እሳቸው ግን ከነትኩሳታቸው "ጃክስታፖዚሽን" ብለው እንደተኙ ነርሷ ነግራኛለች።

እኔ እንዴት ገባሁበት? በልጃቸው በኩል ነዋ። ጽጌ ዞን መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ትሠራለች። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፣ መቱ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ ነው የተዋወቅነው። ታላላቅ እህቶቿ አንዷ ጅማ፣ አንዷ አዲስ አበባ አግብተው ሄደዋል። እናቷ አርፈዋል። እሷና አባቷ ብቻ ቀርተዋል። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት አባቷ ቢለምዱኝ ብዬ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ በረንዳቸው ላይ መጫወት ጀመርኩ። ያንን ክረምት ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እየወረደ እኔ ስሸነፍ ነው ያለፈው።

ስሸነፍ ስላችሁ እያወቅኩ ነው። አማት ሊሆን የታሰበን ሰው ማን ያሸንፋል? ኪው እና ቲ ሲሉኝ "ክዊት" እላለሁ። "ኳሊፊኬሽን" የሚለው ቃል ዲፕሎማዬ ላይ ተጽፎ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፣ ግን ዋጥ አደርገዋለሁ። እሳቸው በደስታ ያወጡታል። እኔ መራራውን ሻይ እጠጣለሁ። ጽጌ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች፣ አንዳንዴም ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃት ያኔ አልጠየቅኩም። ለእኔ ያላት ፍቅር ነው ብዬ ልቤ ይሞቅ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሽማግሌ ላክሁ። መሪው ኦቦ ፈይሳ ናቸው፣ የሁሩሙ የማር ነጋዴ፣ አንደበታቸው ራሱ ማር ነው የሚባሉ ሰው። ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው ሄዱ። ደንቡን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ቆሞ ይናገራል፣ ልጁን ያወድሳል፣ አባት "እንማከርበት" ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። የመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም፣ ቀጠሮ ከተሰጠ ግን ግማሽ እሺ ነው።

ኦቦ ፈይሳ ጨዋነቴን አወደሱ፣ ዘሬን ቆጠሩ፣ ትምህርቴን አነሡ። ይኼ ሁሉ ደኅና ነበር። ከዚያ ማሩን አብዝተው አፈሰሱት። ልጃችን አዲስ አበባ ትልቅ ሥራ ተገኝቶለታል፣ ልጅዎን ይዟት ይሄዳል፣ ከእንግዲህ የመቱን ጭቃ በዓመት በዓል ካልሆነ አትረግጠውም አሉ። እውነት ነው፣ ሥራ አግኝቼ ነበር። ሽማግሌ ደግሞ ያለውን ቀርቶ የሌለውንም ይጨምራል፣ ሥራው ነው።

የጋሼ ታደሰ ፊት ያኔውኑ ጠቆረ አሉ። ልጄ ገና ናት ብለው ሸኟቸው። ቀጠሮ የለም። ጽጌ ሠላሳ ዓመቷን ካከበረች ቆይታለች፣ ገና የሆነችው ለምን እንደሆነ ለሽማግሌዎቹ አልገባቸውም። ኦቦ ፈይሳ ሲመለሱ አፍረው ማሩን አብዝቼ ነበር ወይ እያሉ ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ሰውየው ቃል የማያውቅ ደደብ አድርገውኛል፣ ለደደብ ማን ልጁን ይሰጣል አልኩ። በገዛ ብልጠቴ ነው የተሸነፍኩት ብዬ አንጀቴ አረረ።

እንግዲህ መልስ ያልተሰጠው ሰው ደጃፍ አይረግጥም፣ ነውር ነው። እሑድ ይመጣል፣ እኔ ቤቴ እቀመጣለሁ። አዲስ አበባ ያሉት ቀጣሪዎችም መልስህን ስጠን እያሉ ይደውላሉ። ጽጌን ትቼ መሄድ አልቻልኩም፣ ያለ አባቷ ምርቃት ይዣት መሄድም አልቻልኩም።

አንድ ቀን ጋሼ ታደሰ ራሳቸው መድኃኒት ቤቱ መጡ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን የሚወስዱት ከእኛ ነው። ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ ባንኮኒው ላይ ተደገፉ። ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይሉ "ዋይ እና ዜድ" አሉኝ።

ካርቶኑ በእጄ ነበር። የራሳቸው መድኃኒት። በንዴት ይሁን በናፍቆት አላውቅም፣ ከላዩ ላይ አነበብኩት። "ሃይድሮክሎሮታያዛይድ።"

እሳቸው "ክሪስታላይዜሽን" አሉ። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ጣታቸው አለቀ፣ የእኔን ጣት ተበደሩ። በአራት ፊደል በልጫቸዋለሁ።

መድኃኒት ቃል አይደለም አሉኝ። ጋሼ፣ በየጠዋቱ ይውጡታል እኮ፣ አልኳቸው። የሚዋጥ ሁሉ ቃል አይሆንም አሉ። እኔ አልለቅም አልኩ፣ እሳቸውም አልለቁም። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ከኋላ ያጉረመርማሉ። ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው እያበራ ነው። የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አዲስ አበባ ያለ ሰው እሑድ ከሰዓት ምን ይሠራል?" ብለው ጠየቁኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እኚህ ሰው ደደብ ብለውኝ አልነበረም ለካ። ሁለት ልጅ ድረው ሁለቱም ሄደዋል፣ ሦስተኛዋን ብሰጥ ማን ይቀረኛል ብለው ነው። አሳዘኑኝ፣ ወደድኳቸውም። ጋሼ፣ እኔ የትም አልሄድም፣ አልኳቸው። ኪኒናቸውን ተቀብለው ወጡ። በዚያው ዕለት ለአዲስ አበባዎቹ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ኦቦ ፈይሳ ዳግመኛ ሲሄዱ አንድ ነገር ብቻ እንዲናገሩ ለመንኳቸው። ሲናገሩ ለኖሩ ሰው ይኼ ቅጣት ነው፣ ግን ቻሉት። ገብተው ቆሙ። "ልጃችን መቱ ነው የሚኖረው። እሑድ እሑድም ሥራ የለውም" አሉ። ጋሼ ታደሰ ለመማከርም ጊዜ አልወሰዱም። "በሉ ተቀመጡ፣ ታአ" ብለው በአማርኛም በኦሮምኛም ጋበዟቸው። በደንቡ ሽማግሌ የሚቀመጠው ነገሩ ሲያልቅ ነው። ኦቦ ፈይሳ በዕድሜያቸው እንዲህ አጭር ንግግር አድርገው እንደማያውቁ እስካሁን ያወራሉ።

ከሠርጉ በኋላ አንድ እሑድ በረንዳው ላይ ስንጫወት ዋልንና ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ጽጌን ጠየቅኳት። አዲስ አበባ ቀርቶብሽ አልተቆጨሽም ወይ፣ አልኳት። በዚህ ጉዳይ ላይ ሽማግሌው፣ አባቷና እኔ ተነጋግረናል፣ እሷን ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ሳቀች። ፊደል ከለየችበት ጊዜ ጀምሮ እሑድ በመጣ ቁጥር በዚያ በረንዳ ላይ ስትጫወት የኖረችው እሷ መሆኗን ነገረችኝ። እንኳን አዲስ አበባ፣ ጋምቤላ ድረስ በእግሯ ለመሄድ ተዘጋጅታ ነበር። እኔ የመጣሁበትን ክረምት ግን ነገሩን ከበሩ ላይ ሆና አጤነችው።

"መራራ ሻይ እየጠጣህ በሳምንቱ ተመልሰህ ስትመጣ ሳይ ነው የወሰንኩት" አለችኝ። "እኔ የምፈልገው ባል አልነበረም። ሥራ የማስረክበው ሰው ነበር።"